«ናይዘር» ካልን በኋላ «ዲድ ኖት» ለምን ይቀራል? ከጎንደር የመጣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄ

የፒያሳዋ አስጎብኚ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጎንደር ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። አዲስ ለሚገቡ ልጆች በእንግሊዝኛ የሚያጠኑት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተካፍለን ጻፍነው። ታሪኩ ላይ አንድ ቃል አልተከራከርንም። ሰዋስው ላይ ግን አልተግባባንምና እናንተ ፍረዱን። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል አስቀምጬዋለሁ፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስታነቡት ይሰማችኋል።

አንደኛው ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ይኼኛው መትረፉን ለእንግዶች እንነግራለን። ባልደረባዬ እንዲህ ጻፈው፦ «ናይዘር ዘ ደርቡሽ ኖር ዘ ኢታሊያንስ ዲድ ኖት በርን ዚስ ቸርች።» እኔ «ዲድ ኖት» የሚለው ይውጣ አልኩ። እሱ «ካወጣነውማ አቃጠሉት ማለት ሊሆን ነው፤ ያልተቃጠለን ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ ብለን ልናስጠና ነው?» አለኝ።

ሁለተኛው፦ «ፋሲለደስ ናይዘር ቢልት ዘ ካስል ኦፍ ምንትዋብ ኖር ዘ ካስል ኦፍ ኢያሱ።» ብዙ እንግዶች ግቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ ፋሲል ብቻ የሠራው ስለሚመስላቸው ነው ይህን ያስገባነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። አቀማመጡ ግን ጆሮዬን ይቆረቁረኛል፤ ምኑ እንደሆነ ለይቼ መናገር አልቻልኩም።

ሦስተኛውን ከአንድ የቆየ ጽሑፍ ነው የወረስነው፦ «አንለስ ዩ ዶንት ሃቭ ኤ ቲኬት፣ ዩ ካንት ኢንተር።»

አራተኛው፦ «ኖት ኦንሊ ፋሲለደስ ቢልት ኤ ካስል በት ኦልሶ ብሪጅስ።»

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ደንቡን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ንገሩኝ። አዲሶቹ ልጆች «ለምን?» ማለት ይወዳሉ፤ «ደንቡ ስለሆነ» ብዬ ላሰናብታቸው አልፈልግም።

ቀሃ ማዶ፦

እህቴ፣ አንደኛው ላይ ያልሽው ልክ ነው። «ናይዘር» ራሱ አሉታ ነው። ባልደረባሽን «ኖባዲ ኬም» ሲባል ምን ማለት ነው ብለሽ ጠይቂው። «ማንም አልመጣም» ነው የሚልሽ። እዚያ ላይ «ዲድ ኖት» አለ? የለም። ይኼም እንደዚያው ነው። ሌሎቹን የሚያስተምሩ ሰዎች ይመልሱልሽ፤ «አንለስ» ላይ እኔም መልሱን መስማት እፈልጋለሁ።

መምህር ዘአዘዞ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። እኔ አዘዞ እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ማታ ማታ ደብተር ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉኝ። ባልደረባሽን አትቆጪው። የጻፈው ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ አማርኛውን በታማኝነት አሻገረ እንጂ። የት ጋ እንደሚለያዩ ካየ እሱ ራሱ ለልጆቹ ያስረዳቸዋል።

ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ እናስቀምጠው። «ደርቡሽም ጣሊያንም ይህን ቤተ ክርስቲያን አላቃጠሉትም።» ክህደቱ ያለው የት ነው? ግሡ ላይ ነው። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ሆነው ግሡን ይዘውታል። «ደርቡሽም ጣሊያንም» ላይ ያሉት ሁለቱ «ም»ዎች በራሳቸው ምንም አይክዱም፤ «ደርቡሽም ጣሊያንም መጡ» ብንል ሁለቱም መጥተዋል ማለት ነው። «ማንም»፣ «ምንም»፣ «የትም» የሚሉት ቃሎቻችንም እንደዚሁ ናቸው። «ማንም አልመጣም»፣ «ምንም አልበላሁም»፣ «የትም አልሄድም» እንላለን። «ማንም መጣ» ብለሽ ዝም ብትይ ሰሚው አፍሽን እያየ ቀሪውን ይጠብቃል። በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩ የሚክደው ግሡ ሲክድ ነው።

መደበኛው እንግሊዝኛ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይክዳል። ቦታውን መምረጥ ይቻላል። ግሡ ላይ ሲሆን «ዘ ደርቡሽ ዲድ ኖት በርን ኢት» ይላል። ባለቤቱ ላይ ሲሆን «ኖባዲ በርንድ ኢት» ይላል። ሁለት ባለቤቶች ሲኖሩ ደግሞ ክህደቱን ከሁለቱም ፊት ያወጣና «ናይዘር ዘ ደርቡሽ ኖር ዘ ኢታሊያንስ በርንድ ዚስ ቸርች» ይላል። «በርንድ» የሚለው ግሥ አዎንታ መስሎ መቆሙ ነው ባልደረባሽን ያስደነገጠው። ፈረንጁ ግን «ናይዘር» የምትለዋን ቃል እንደሰማ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ የተካደ መሆኑን አውቆ ነው ግሡን የሚጠብቀው። እኛ እስከ መጨረሻው ግሥ ድረስ እንጠብቃለን፤ እሱ ከመጀመሪያው ይነገረዋል። ለልጆቹ ይህን ብቻ ብታስረዷቸው ግማሹ ችግር ይወገዳል።

ባልደረባሽ «ዲድ ኖት» የሚለውን በጣም ከወደደው ሌላ መንገድ አለለት፦ «ናይዘር»ን «አይዘር»፣ «ኖር»ን «ኦር» አድርጎ ከግሡ በኋላ ማስቀመጥ ይችላል። «ፋሲለደስ ዲድ ኖት ቢልድ አይዘር ዘ ካስል ኦፍ ምንትዋብ ኦር ዘ ካስል ኦፍ ኢያሱ።» ይህም ንጹሕ እንግሊዝኛ ነው። «ኖት» ካለ «ኦር»፣ «ኖት» ከሌለ «ኖር» ብለው ይያዙት። ለንግግር ይህኛው ይቀላል፤ እኔ ለጀማሪ አስጎብኚ የምመርጠውም እሱን ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጆሮሽ ትክክል ነው። ጎንደር ዙሪያ ያደገ ሰው ሁሉ ቀንበር ያውቃል፤ በአንድ ቀንበር በሬና አህያ አይጠመዱም። «ናይዘር» እና «ኖር» የአንድ ቀንበር ሁለት ወገን ናቸው። ከአንዱ ቀጥሎ ግሥ ከገባ ከሌላውም ቀጥሎ ግሥ፣ ስም ከገባ ስም፣ መስተዋድድ ከገባ መስተዋድድ መግባት አለበት። እናንተ «ናይዘር ቢልት» ብላችሁ ግሥ ጠመዳችሁ፤ ከ«ኖር» በኋላ ግን «ዘ ካስል ኦፍ ኢያሱ» የሚል ስም መጣ። የቆረቆረሽ ይኼ ነው።

የሚስተካከለው በሁለት መንገድ ነው። ወይ «ናይዘር»ን ከግሡ በኋላ ታወርጂዋለሽ፦ «ፋሲለደስ ቢልት ናይዘር ዘ ካስል ኦፍ ምንትዋብ ኖር ዘ ካስል ኦፍ ኢያሱ።» ወይ ደግሞ ለሁለተኛው ወገንም ግሥ ትሰጪዋለሽ፦ «ፋሲለደስ ናይዘር ቢልት ዘ ካስል ኦፍ ምንትዋብ ኖር ሊቭድ ኢን ኢት።» ሁለቱም በታሪክም በሰዋስውም ያስኬዳሉ። ፋሲል ያረፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1667 ነው፤ ምንትዋብ ደግሞ የበካፋ ሚስት፣ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ናት።

ተማሪዎቼን የማሠራቸው መፈተኛ አለ። ከ«ናይዘር» ጀምሮ «ኖር»ንም ጨምረሽ በጣትሽ ሸፍኚ። የቀረውን አንብቢ። የተስተካከለውን ስትሸፍኚ «ፋሲለደስ ቢልት ዘ ካስል ኦፍ ኢያሱ» ይቀራል። ሐሳቡ ተገልብጧል፤ ቅርጹ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። የእናንተን ስትሸፍኚ «ፋሲለደስ ዘ ካስል ኦፍ ኢያሱ» ብቻ ይቀራል፤ ግሥ የለውም። የተረፈው ካልቆመ ጥምዱ ተሳስቷል።

መስተዋድድ ላይም ልጆች ብዙ ይስታሉ። «ናይዘር ኢን ዘ ካስል ኖር ዘ ቸርች» አይባልም፤ አንዱ ወገን «ኢን» አለው፣ ሌላው የለውም። ወይ «ናይዘር ኢን ዘ ካስል ኖር ኢን ዘ ቸርች» ብሎ መድገም ነው፤ ወይ «ኢን ናይዘር ዘ ካስል ኖር ዘ ቸርች» ብሎ «ኢን»ን ለሁለቱም በጋራ ከፊት ማቆም ነው።

አራተኛውም የዚሁ ዘመድ ነው። «ኖት ኦንሊ» እና «በት ኦልሶ» እንደዚያው ጥምድ ናቸው። ከመጀመሪያ እስከ «በት ኦልሶ» ያለውን ሸፍኚው፤ «ብሪጅስ» የምትል ቃል ብቻዋን ትቀራለች። «ፋሲለደስ ቢልት ኖት ኦንሊ ኤ ካስል በት ኦልሶ ብሪጅስ» ማለት በቂ ነው። «ኖት ኦንሊ»ን ለድምቀት ከፊት ማምጣት ከፈለጋችሁ ግን እንግሊዝኛው አንድ ግብር ያስከፍላል፤ ግሡ እንደ ጥያቄ ይገለበጣል፦ «ኖት ኦንሊ ዲድ ፋሲለደስ ቢልድ ኤ ካስል፣ በት ሂ ኦልሶ ቢልት ብሪጅስ።» «ዲድ» ከባለቤቱ ቀድሞ መግባቱን፣ «ቢልት» ወደ «ቢልድ» መመለሱን አስተውሉ። አሉታ ቃል ከፊት ሲመጣ ይህ መገልበጥ ይከተላል። «ኖር»ም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲመራ እንደዚያው ነው፦ «ዘ ካስል ኢዝ ኖት ፒዩርሊ ፖርቹጊዝ፣ ኖር ኢዝ ኢት ፒዩርሊ ኢንዲያን።» «ኖር ኢት ኢዝ» አይባልም።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በጽሑፋችሁ ብታስገቧት ደስ ይለኛል። «ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት?» የሚል ጥያቄ ግቢው በር ላይ እንደማያልቅ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን ከአገር ያስወጣው ራሱ ፋሲል መሆኑን፣ ከውጭ የመጣው ጥበብም ከአገሩ ሙያ ጋር ተዋሕዶ የጎንደር መልክ መያዙን በአንድ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር መመለስ ትልቅ ነገር ነው። «ፒዩርሊ» ሁለቱም ወገን ላይ መደገሟንም ልብ በሉ፤ ከአንዱ ብትወጣ ሚዛኑ ይወድቃል፣ ትርጉሙም ይለወጣል።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ ይከፋል፤ በር ላይ ትርጉሙን ይገለብጠዋልና። አማርኛ «ቲኬት ካልያዙ በስተቀር መግባት አይችሉም» ይላል። «ካልያዙ» ውስጥ «አል» አለች። እንግሊዝኛው «አንለስ» ግን ያቺን «አል» በሆዱ ይዟታል፤ «ኢፍ ኖት» ማለት ነው። ስለዚህ «አንለስ ዩ ዶንት ሃቭ ኤ ቲኬት፣ ዩ ካንት ኢንተር» ሲባል ቲኬት የገዛው ሰው አይገባም፣ ያልገዛው ይገባል እንደማለት ነው! «አንለስ ዩ ሃቭ ኤ ቲኬት፣ ዩ ካንት ኢንተር» በሉ። «ሌስት» የሚለውም ወንድሙ ነው። እኛ «እንዳትወድቅ» ስንል ቃሉ ውስጥ «አት» አለች፤ እነሱ «ሌስት ዩ ፎል» ይላሉ፣ «ኖት» አይጨምሩም። ይህ ቃል ግን ያረጀ ነው። የቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ቆማችሁ እንግዳ ስታስጠነቅቁ «ሶ ዛት ዩ ዶንት ፎል» በሉ፤ ቶሎ ይገባል።

የአራዳ ልጅ፦

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዘፈን ላይም ፊልም ላይም «አይ ዶንት ኖው ናዚንግ» ሲሉ እንሰማለን። ተወልደው ያደጉበት ሰዎች ሁለቴ እየካዱ እኛ ለምን እንጨነቃለን? የአስጎብኚው ዓረፍተ ነገር እንደተጻፈ ቢቀር ማን ይሳሳታል?

መምህር ዘአዘዞ፦

የኔ ልጅ፣ የሰማኸው እውነት ነው፤ የሚናገሩትም ሰዎች አልተሳሳቱም። በእንግሊዝም በአሜሪካም ግሡንም ስሙንም አብሮ የሚያስክድ የአነጋገር ዓይነት አለ፤ የራሱ ሥርዓት አለው። የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስቴ ይክድ ነበር። መደበኛው ጽሑፍ ቀስ በቀስ ከዚያ ወጣ፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡ የሰዋስው ጸሐፊዎች ደግሞ «ሁለት ክህደት ተጣፍቶ አዎንታ ይሆናል» ብለው ደንቡን አጠበቁት። ስለዚህ የባልደረባዋ ጆሮ ከሰው ተፈጥሮ የወጣ አይደለም። ለዚህም ነው አትቆጪው ያልኳት።

ነገር ግን ፋሲል ግቢ የሚመጣው እንግዳ ከየት ነው? ከመካከሉ ጀርመናዊ፣ ጣሊያናዊ፣ ጃፓናዊ፣ ቻይናዊ አለ። እንግሊዝኛን እንደኛው በትምህርት ቤት የተማረ፣ መደበኛውን ብቻ የሚያውቅ ነው። በዚያ ላይ ልጆቹ ያጠኑትን ይዘው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይም ሆነ የሥራ ማመልከቻ ላይ የሚጠበቅባቸው መደበኛው ነው። የዘፈኑን እንግሊዝኛ ሰምተው ይረዱት፤ የሚጽፉት ግን ይኼኛውን ይሁን።

የሆስፒታሏ ነርስ፦

እኔ ጎንደር ነርስ ነኝ፤ ይህ ነገር ለእኛ የሕይወት ጉዳይ ነው። አማርኛ ለማይችል ሕሙም ከቀዶ ጥገና በፊት በእንግሊዝኛ መመሪያ እንሰጣለን። አንድ ጊዜ አንድ ወረቀት ላይ «ዱ ኖት ኢት ኤንድ ድሪንክ አፍተር ሚድናይት» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። በአማርኛው «ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዳይበሉ፣ እንዳይጠጡ» ነው። «ኤንድ» ወይስ «ኦር» ይሻላል? «ኖር» ማለትስ ይቻላል? ሕሙሙ «አብሬ እንዳልበላና እንዳልጠጣ ነው እንጂ ውኃ ብቻውን ይፈቀዳል» ብሎ ቢያስብ ኃላፊነቱ የማን ነው?

መምህር ዘአዘዞ፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። «ኦር» ነው መሆን ያለበት፤ «ዱ ኖት ኢት ኦር ድሪንክ አፍተር ሚድናይት።»

ምክንያቱን ላስረዳ። አማርኛው ሁለቱን ግሦች ለየብቻቸው ያስክዳል፤ «እንዳይበሉ» ላይ አንድ፣ «እንዳይጠጡ» ላይ አንድ። ስለዚህ በመካከል «እና» ብንጨምር እንኳ አደጋ የለውም፤ እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ክህደት ይዟል። እንግሊዝኛው ግን አንዲት «ኖት» ብቻ አለችው። ያቺ «ኖት» የምትክደው ከኋላዋ ያለውን ሁሉ በአንድነት ነው። ከኋላዋ «ኢት ኤንድ ድሪንክ» ካለ የተከለከለው ሁለቱን ማጣመር ነው ብሎ የሚረዳ ሰው ሊኖር ይችላል፤ አንቺ የፈራሽው ንባብ ትክክለኛ ንባብ ነው። «ኢት ኦር ድሪንክ» ካለ ግን የተከለከለው «አንዱን እንኳ» ነው፤ ይህም ሆነ ያም አይፈቀድም። ስለዚህ አማርኛው ላይ ሁለት የተካዱ ግሦች በ«እና» ተያይዘው ስታዩ፣ እንግሊዝኛው ላይ አንድ «ኖት» ካስቀመጣችሁ «እና»ው «ኦር» ይሆናል። «ዊዛውት»ም እንዲሁ ነው፤ «ያለ ምግብና ያለ ውኃ» የሚለው «ዊዛውት ፉድ ኦር ዋተር» ነው የሚሆነው።

«ዱ ኖት ኢት ኖር ድሪንክ» የሚል የቆየ አጻጻፍ ያጋጥማችኋል። ለሕሙም ወረቀት ግን አትጠቀሙበት። እንዲያውም በእንደዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ ሰዋስው ከማሳመር ይልቅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማድረግ ይሻላል፦ «ዱ ኖት ኢት አፍተር ሚድናይት። ዱ ኖት ድሪንክ አፍተር ሚድናይት።» ቅርጹ ቃል በቃል የተደገመ ነው፤ ያም ትይዩ አቀማመጥ ነው። የተጨነቀ ሰው የሚያነበው ነገር እንዲህ ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ትይዩ አቀማመጥ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆቹ የባዕድ ነገር እንዳይመስላቸው። ጆሯችን ይህን ከድሮም ያውቀዋል። «ሳይተርፋት አበድራ ሳይመሽ ትዞራለች» የምንለው ተረት ላይ «ሳይ» ሁለቴ መጥታ ሁለቱን ወገን ባታስተካክል ኖሮ ተረቱ አፍ ላይ ይቆይ ነበር? «ሊያዩ፣ ፎቶ ሊያነሡ፣ ቡና ሊጠጡ ይመጣሉ» ስንልም «ሊ» ሦስቴ ትደገማለች። ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ሊያዩ፣ ፎቶ ማንሣት፣ ለቡና ይመጣሉ» አይልም። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን ልጆቼ «ቪዚተርስ ካም ቱ ሲ ዘ ካስል፣ ቴኪንግ ፒክቸርስ ኤንድ ፎር ኮፊ» ብለው ይጽፋሉ። ሦስቱ ሐሳቦች ሦስት ዓይነት ልብስ ለበሱ። «ቱ ሲ»፣ «ቱ ቴክ»፣ «ቱ ድሪንክ» ብለው ቢጽፉ የገዛ አማርኛቸውን መታዘዛቸው ነው። ልጆቹን «በአማርኛ እንዴት ትለዋለህ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የግሦቹ መነሻ አንድ ዓይነት ከሆነ እንግሊዝኛውም አንድ ዓይነት ይሁን። ክህደት ላይ አማርኛውን መከተል ያሳስታል፤ ሚዛን ላይ ግን ያድናል።

የፒያሳዋ አስጎብኚ፦

መምህር፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ! ጽሑፉን ለባልደረባዬ አነበብኩለት። ጣቱን ይዞ «ናይዘር» ያለበትን ሁሉ ሲሸፍን ዋለ። «አንለስ»ን ያየ ጊዜ ደነገጠ፤ ለካ እስከ ዛሬ ቲኬት የቆረጠውን ነው የምንመልሰው አለ።

ሁለት ነገር ግን ቀረኝ፤ ይቅርታዎን። አንደኛ፣ «ናይዘር» ለሦስት ሰዎች ይሆናል? ጽሑፋችን ላይ «ናይዘር ፋሲለደስ፣ ዮሐንስ፣ ኖር ኢያሱ ቢልት ዚስ ካስል» የሚል አለ፤ የምንትዋብን ቤተ መንግሥት እያሳየን የምንለው ነው። ሁለተኛ፣ የአንበሶቹ ቤት ጋ ስንደርስ «ዛሬ ንጉሡም አንበሶቹም የሉም» እንላለን። ባልደረባዬ «ናይዘር ዘ ላየንስ ኖር ዘ ኢምፐረር አር ሂር ቱዴይ» ብሎታል። «አር» ነው «ኢዝ»?

መምህር ዘአዘዞ፦

ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ጠይቂ።

«ናይዘር» በመሠረቱ የሁለት ነው፤ ጠበቅ የሚያደርጉ አስተማሪዎች ለሦስት አይፈቅዱትም። ሆኖም ጥሩ ጸሐፊዎች ለሦስትም ለአራትም ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ስሕተት ነው ብዬ አልሰርዝባችሁም። ብቻ «ኖር» ከመጨረሻው ስም በፊት ትኑር፣ ሦስቱም ስሞች አንድ ዓይነት ይሁኑ። ለአንዱ «ኪንግ» የሚል ማዕረግ ሰጥታችሁ ለሌሎቹ እንዳትነሡ። ስሞቹን መጥራት ካላስፈለጋችሁ «ነን ኦፍ ዘ ስሪ» ማለትም ይቻላል፤ «ናይዘር ኦፍ ዘ ስሪ» ግን አይባልም፣ እዚያ ላይ የሁለትነቱ ደንብ ጥብቅ ነው።

የአንበሶቹ ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ግሡ የሚታዘዘው ለቅርቡ ስም ነው። ባልደረባሽ «ዘ ኢምፐረር»ን ከግሡ አጠገብ ስላስቀመጠው በደንቡ «ኢዝ» ይሆናል፤ «ናይዘር ዘ ላየንስ ኖር ዘ ኢምፐረር ኢዝ ሂር ቱዴይ።» ትክክል ነው፤ ግን ጆሮ ላይ ይሻክራል። ቦታቸውን ብትለዋውጡት ሁሉም ይቃናል፦ «ናይዘር ዘ ኢምፐረር ኖር ሂዝ ላየንስ አር ሂር ቱዴይ።» ብዙው ቁጥር ከግሡ አጠገብ ሲሆን «አር» ያለ ክርክር ይገባል። አማርኛ እዚህ ላይ አይረዳችሁም፤ «ንጉሡም አንበሶቹም የሉም» ስንል ሁለቱን ደምረን በብዙ ቁጥር ነው የምንክደው፣ ማን ከግሡ አጠገብ ቆመ ብለን አንጠይቅም። ስለዚህ ልጆቹ ደንቡን ከሚሸመድዱ ይልቅ ብዙውን ቁጥር መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ይልመዱ። «አይዘር» እና «ኦር» ላይም እንደዚሁ ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ እዚሁ ለጥፊው፤ «ኖር» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አይልሻለሁ። የንግሥቲቱን የቁስቋም ግቢ የሚመለከተውን ክፍልም እንዳትረሽው፤ እዚያ ላይ «ኖት ኦንሊ» መግባቱ አይቀርም፣ ምንትዋብ ቤተ መንግሥቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም አሠርታለችና። «ምንትዋብ ቢልት ኖት ኦንሊ ኤ ፓላስ በት ኦልሶ ኤ ቸርች አት ቁስቋም» ብላችሁ ጀምሩት።